ከወይራው ሥር

በቅኔ ቤት የሚማር ተማሪ ትምህርቱን ሁሉ ከመምህሩ አፍ አይቀበልም። የግዕዙን አገባብና የቅኔውን መንገድ መምህሩ ይነግሩታል፤ ቅኔውን ግን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ስለዚህ በጎጃም በዋሸራም ሆነ በሌላው የታወቀ የቅኔ አገር ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ይለያሉ፤ አንዱ ከዛፍ ሥር፥ አንዱ ከወንዝ ዳር፥ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ለምዱን ተከናንቦ ብቻውን ይቀመጣል። ይህም ቅኔ መቍጠር ይባላል። መንገደኛ ቢያየው ሰነፍ ወይም በሽተኛ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ከቀኑ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ እጅና እግር ዝም ሲሉ ልብ ዝም አይልምና።

አንድ ችኵል ተማሪ ነበረ። ጀማሪ ስለ ሆነ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃና የሚባለውን፥ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን አጭር ቅኔ ነበር። ሌሎቹ አንድ ሳያገኙ እርሱ እየሮጠ መጥቶ፥ «የኔታ፥ አራት ቈጥሬአለሁ» አለ። መምህሩም ሰሙት። የመጀመሪያው ቤት አልመታም፤ የሁለተኛው ሰምና ወርቅ አልተገናኙም፤ ሦስተኛው ትናንት ጓደኛው የተቀኘው ነበር። አራተኛውን ልጆቹ በሳቅ አላስጨረሱትም። እርሱም አፍሮ፥ «ወደ አገሬ ተመልሼ እረኛ ብሆን ይሻለኛል» ብሎ አኵፋዳውን አነሣ።

መምህሩ ግን ጠርተው፥ «ልጄ፥ ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናውን ከእሳት ካወረደች በኋላ ጥቂት ታሳርፈዋለች፤ የቸኰለ እንግዳ ከነአተላው ይጠጣል። አንተም አተላውን አቀረብህልን። እስከ ሰንበት ቅኔ አታምጣልኝ። ነገር ግን በየማለዳው ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ከዚያ ወይራ ሥር ተቀመጥ» አሉት።

በመጀመሪያው ቀን ስለሚለምነው ቍራሽና ስለ ላይኛው መንደር ውሻ አሰበ፤ ጉንዳን ቈጠረ፤ ፀሐይዋም የቆመች መሰለችው። በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰደው። ይህስ በሁሉ ሰው ይደርሳል፤ ተነሥቶ ከመሄድም ይሻላል። በሦስተኛው ቀን የሳቁበትን ልጆች አንድ በአንድ እያሰበ ተቈጣ። ብዙ ከተቈጣ በኋላ የሚቈጣበት ነገር አለቀ። ያን ጊዜ ከራሱ በላይ፥ ከወይራው ፍልፍል ውስጥ፥ የንቦች ድምፅ ሰማ። ንቦቹ ሦስቱንም ቀን በዚያ ነበሩ።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ገጽ ለመጨረስ የምትቸኵሉ ብትሆኑ፥ ከዚህ ላይ ጥቂት ቁሙና በዙሪያችሁ ያለውን ድምፅ ስሙ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብቡ።

ሰንበት ካለፈ በኋላ ተማሪው ስለ ንብ የቈጠረውን አንድ ጉባኤ ቃና ብቻ ይዞ ቀረበ። መምህሩ አንዲት ቃል አቀኑለት፤ ከዚያም «ድገመው» አሉት። በቅኔ ቤት «ድገመው» መባል ለጀማሪ ትልቅ ክብር ነው። ልጆቹም በዚያ ቀን አልሳቁም።

በማግሥቱ ማለዳ ጓደኞቹ ሲፈልጉት፥ አኵፋዳው ከጎጆው ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ እርሱም ከወይራው ሥር ተቀምጦ ነበር።