አሮጌ ፎቶግራፍን እንደ ታሪክ ማስረጃ መመርመር፦ የምጽዋና የሆቴሎቿ ምሳሌ

ለታሪክ ተማሪ ማስረጃ ማለት ጽሑፍ ብቻ እንዳልሆነ በክፍል ውስጥ ተደጋግሞ ተነግሮናል። ይሁን እንጂ አሮጌ ፎቶግራፍ እጃችን ሲገባ አብዛኞቻችን “እንዴት ያምራል!” ብለን እናልፈዋለን። ፎቶ ግን መጠየቅ አለበት። የምጽዋን የቆዩ ፎቶዎች ምሳሌ አድርገን አራት ጥያቄዎችን እንመልከት።

1ኛ. የት ተነሣ? ምጽዋ ከፊሏ በደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የምጽዋ ደሴት ከጥዋለት፣ ጥዋለትም ከየብሱ ጋር በባሕር ላይ በተሠራ መንገድ ተያይዘዋል። በፎቶው ላይ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩ የቱርክና የግብፅ ዘመን ቤቶችና ቅስት በረንዳዎች ካሉ ቦታው አሮጌው ደሴት ነው፤ ቶሪኖ ሆቴልም እዚያው ነው። ቀይ ባሕር ሆቴልና ዳህላክ ሆቴል ያሉት ግን በጥዋለት ነው።

2ኛ. መቼ ተነሣ? በነሐሴ 1913 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ክፉኛ ስላፈረሳት ከዚያ በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶዎች አንድ አይደሉም። በጥዋለት ያለው ቤተ መንግሥትም በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ተጎድቷል። ስለዚህ ጉልላቱ ደህና ሆኖ የሚታይበት ፎቶ ከዚያ በፊት የተነሣ ነው።

3ኛ. ሆቴሎቹ ለምን እዚያ ተሠሩ? አሥመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ከምጽዋ የምትርቀው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ገባ። በበጋ ደጋው ሲበርድ ምጽዋ ትመቻለች፤ በክረምት ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እንግዲህ ሆቴል በረንዳ ላይ ሰው ሞልቶ ቢታይ የዓመቱ ሙሉ ኑሮ እንዲህ ነበር ማለት አይደለም።

4ኛ. ማን ጎደለ? ዋናው ጥያቄ ይኸኛው ነው። ፎቶ አንሺው የሚቆመው በሆቴሉ ፊት ለፊት እንጂ በጓዳው በኩል አይደለም። ወጥ ሠሪው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የወደቡ ተሸካሚ የሉም። ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጣሊያን የዘር ሕጎች ነጩን ከአገሬው ሰው ለይተው ነበር። በዚያን ጊዜ በተነሣ የሆቴል ፎቶ ላይ አገሬው ካልታየ፣ አልነበረም ማለት ሳይሆን እንዳይቀመጥ ተከልክሏል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይጠይቅ “ድሮ ስንት ውበት ነበር” ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የእንግዳውን ታሪክ የከተማዋ ታሪክ አድርጎ ያቀርባል።

ምጽዋ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ በፌዴሬሽኑ፣ በኋላም በውህደቱ የኢትዮጵያ ወደብ ነበረች፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የነፃዪቱ ኤርትራ ከተማ ናት። ቢሆንም እዚያ ያገለገሉ፣ የሠሩና የነገዱ ሰዎች ፎቶ ዛሬም በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ግድግዳ ላይ አለ።

ለማጠቃለል፣ ከቱም ባሕር አይታይም፤ ዘዴው ግን ለእኛም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባት ማጂ ቅርባችን ናት። በእንግዳ ሰው የተነሣ የማጂ ፎቶ ቢገጥመን እነዚያኑ አራት ጥያቄዎች እንጠይቀው። በየቤታችን ያለውን ፎቶም ይዘን ሽማግሌዎቹ ሳሉ “ይህ ማነው? የት ነው? ከጀርባ የቆመችውስ?” እንበልና መልሱን በስሱ በእርሳስ ከጀርባው እንጻፍበት። ስም የሌለው ፎቶ ባለቤቱ ሲያልፍ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።