የትራክተር ሞተር ዘይት በቆላ አገር እንዴት ይቀዘቅዛል?

ገዳሪፍ ከመተማና ከሑመራ ማዶ፣ በምሥራቅ ሱዳን የሚገኝ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። የመኪና እርሻ በዚያ የተጀመረው በ1937 ዓ.ም. ገደማ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር ለሠራዊቱ ቀለብ የሚሆን ማሽላ ለማምረት ባሰበ ጊዜ ነው። መሬቱ ዝናብ ሲነካው የሚጣበቅ ጥቁር መረሬ ነው፤ የመዝሪያውም ጊዜ አጭር ነው። በሐምሌ ሞተሩ የተቃጠለበት ገበሬ ማሳው ጦም ያድርበታል። ስለዚህ የሞተርን ዘይት ጠባይ ማወቅ እጅግ ይጠቅመዋል።

ዘይት ሁለት ዐቢይ ሥራ አለው። አንደኛ፣ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ በመካከላቸው ስስ ሽፋን ይሆናል። ሁለተኛ፣ ውሃ ከማይደርስባቸው ከፒስተኖቹና ከኩሽኔታዎቹ ሙቀትን ተሸክሞ ይወጣል። ራሱ ከመጠን በላይ ሲግል ግን ይቀጥንና ሽፋኑ ይሳሳል። ደግሞም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚበላሽበት ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል።

በብዙ ትራክተሮች ዘይቱ የሚቀዘቅዘው እንዲህ ነው። ፓምፑ ዘይቱን ከሥር ካለው ማጠራቀሚያ ስቦ ወደ ማቀዝቀዣው ይልካል። በዚያም ዘይቱና የራዲያተሩ ውሃ በስስ ብረት ተለይተው ሳይቀላቀሉ ያልፋሉ፤ ውሃው የዘይቱን ሙቀት ተቀብሎ ለራዲያተሩ፣ ራዲያተሩም ለነፋስ ያስረክባል። ታላላቅ ሕንፃዎችን በሚያቀዘቅዙ መኪናዎችም የመጭመቂያው ዘይት በውሃ ወይም በዚያው በማቀዝቀዣው ፈሳሽ ይበርዳል። እንግዲህ ራዲያተሩ በገለባ ከታፈነ ውሃውም ዘይቱም አብረው ይግላሉ።

ስለዚህ ገበሬው የሚከተለውን ይፈጽም፤

1ኛ/ ጧት ጧት ሞተሩ ሳይነሣ፣ ትራክተሩ በደልዳላ ቦታ ቆሞ የዘይቱን ልክ ይመልከት። ያነሰ ዘይት ቶሎ ይግላል፤ ከልክ ያለፈውም በኮሎው ተመትቶ አረፋ ይሆናል።

2ኛ/ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ፣ የራዲያተሩን ገለባና አቧራ ከማራገቢያው በኩል ወደ ውጭ በአየር ይጥረግ።

3ኛ/ ዘይቱንና ማጣሪያውን በአምራቹ መጽሐፍ በታዘዘው ሰዓት ይለውጥ፤ ዓይነቱም ለቆላ ሙቀት የተመደበው ይሁን።

4ኛ/ ዘይቱ እንደ ወተት ቢነጣ ውሃ ገብቶበታልና፣ ማቀዝቀዣውና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይመረመር አይሥራበት።

5ኛ/ ከከባድ ሥራ በኋላ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይዙር። ነገር ግን የዘይት ግፊት መብራት ከበራ በዚያው ቅጽበት ያጥፋው። ትልሙን ልጨርስ ብሎ የሚነዳ ሰው ሞተሩንም አዝመራውንም ያጣል።