ቁናው ሲለወጥ ቆጠራውም ይለወጥ፤ የቱርቦ ሞተር ካርታና ከፋብሪካ ውጪ የተሠሩ ዕቃዎች

እህል በቁና እየሰፈረ የሚመዘግብ አንድ የጎተራ ጠባቂ አለ እንበል። ጠባቂው የሚመዘግበው ስንት ቁና እንደገባ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ሳይነገረው ቁናው በሌላ ሰፋ ያለ ቁና ቢተካ፣ በማግሥቱም በቅንነት መቁጠሩን ይቀጥላል። መዝገቡ ግን ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሐሰት ነው። በኮምፒዩተር በሚመራ የቱርቦ ሞተር ላይ የአየር ማስገቢያ ቱቦ፣ ኢንጀክተር ወይም የጢስ ቱቦ በሌላ ሲተካ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው አሮጌውን ቁና ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህ የቆጠራ ስሕተት እንዴት እንደሚፈጠር፣ ሞተርን እስከ መስበር የሚያደርሰውስ በምን መንገድ እንደሆነ ለማየት እንሞክራለን። ለምሳሌነት የመረጥነው እ.ኤ.አ. የ2002 ሞዴል ሆኖ ለአሜሪካ ገበያ የቀረበውን ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ነው። ይህ መኪና 2.0 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 227 የፈረስ ጉልበት ያለው የቱርቦ ሞተር ነበረው። ዕቃ ለመቀያየር የሚወዱ ወጣቶችም ብዙ ሠርተውበታል።

ካርታው ምንድን ነው?

በሙያው ቋንቋ «ካርታ» ወይም «ማፕ» የሚባለው በሞተሩ ኮምፒዩተር ውስጥ የተጻፈ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። በአንደኛው ጠርዝ የሞተሩ ፍጥነት በደቂቃ ዙር፣ በሌላው ጠርዝ ደግሞ «ጭነት» ተደርድሯል። ጭነት ማለት ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው የአየር ብዛት በግራም ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ሣጥን ውስጥ ትእዛዙ ተጽፏል። አንዱ ሠንጠረዥ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ፣ ሌላው የካንዴላው ብልጭታ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀድሞ እንደሚሰጥ፣ ሦስተኛው ቱርቦው ምን ያህል ግፊት እንደሚፈጥር ይወስናል።

ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለ1 ግራም ነዳጅ 14.7 ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። የቱርቦ ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ግን ሆን ተብሎ ነዳጅ ይበዛለታል፤ ቅይጡም ከ11 እስከ 12 ግራም አየር ለ1 ግራም ነዳጅ ይሆናል። ትርፉ ነዳጅ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ስለሚወስድ የሲሊንደሩን ውስጥ ያቀዘቅዛል። ቅይጡ ሲሞቅ በእሳት ነበልባሉ ገና ያልተደረሰው ክፍል በራሱ ይፈነዳል። ይህ «ኖክ» የሚባለው ክሥተት ሲሆን፣ የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ የፒስተን ቀለበት የተቀመጠበትን ጠርዝ ሊሰብር ይችላል።

የአየር ቱቦው ሲለወጥ

ደብልዩ አር ኤክስ የሚገባውን አየር የሚለካው በጋለ ሽቦ ሴንሰር ነው። ሽቦው በኤሌክትሪክ ይግላል፤ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ኮምፒዩተሩም ሽቦውን አግሎ ለማቆየት ከሚያስፈልገው ኃይል ተነሥቶ የአየሩን ብዛት ያሰላል። ይሁን እንጂ ሽቦው የሚነካው በቱቦው ውስጥ ከሚያልፈው አየር ጥቂቱን ብቻ ነው። የቀረው በቱቦው ስፋት ተባዝቶ የሚገመት ነው። ስፋቱ ደግሞ አስቀድሞ በካርታው ውስጥ ተቆጥሯል።

የቀድሞው ቱቦ የውስጥ ዲያሜትር 66 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ 72 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ልዩነቱ ለዐይን እምብዛም አይታይም። ስፋት ግን ከዲያሜትር ካሬ ጋር ስለሚያድግ 72 ለ66 ሲካፈልና ውጤቱ በራሱ ሲባዛ 1.19 ይሆናል። ይህም ማለት ሽቦው ያንኑ የአየር ፍጥነት ሲያይ፣ በእውነት የሚገባው አየር ኮምፒዩተሩ ከሚያስበው በ19 በመቶ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ጉዳት በቅይጡ ላይ ይታያል። ኮምፒዩተሩ 11.5 ብሎ ያዘዘው ቅይጥ 11.5 በ1.19 ተባዝቶ 13.7 ይሆናል። ይህ ቁጥር በዝግታ ለሚነዳ መኪና አያስፈራም፤ ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ በሚገፋበት ጊዜ ግን ማቀዝቀዣው ተነጠቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የተሠወረ ነው። እውነተኛው ጭነት በዙር 2.5 ግራም ቢሆን ኮምፒዩተሩ 2.1 ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ የብልጭታውን ጊዜ የሚወስደው ከትክክለኛው ረድፍ ሳይሆን ለቀላል ጭነት ከተጻፈው ረድፍ ነው። ጭነት ሲቀንስ ብልጭታው ቀደም ብሎ እንዲሰጥ ስለሚታዘዝ፣ በ16 ዲግሪ ፈንታ 20 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። አንዲት የሐሰት ቁጥር በሁለት ሠንጠረዦች ገብታ፣ በአንዱ ነዳጅ ትቀንሳለች፤ በሌላው ብልጭታውን ታስቀድማለች። ሁለቱም ወደ ኖክ ይገፋሉ።

ለምን ቶሎ አይታወቅም? መኪናው በዝግታ ሲሄድ በጢስ ቱቦው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር የቅይጡን ጉድለት አይቶ ያርማል። ስለዚህ መኪናው በከተማ ውስጥ ሰላማዊ ነው። የነዳጅ መርገጫው እስከ ታች ሲረገጥ ግን ኮምፒዩተሩ የሴንሰሩን መልስ አይጠብቅም፤ በሠንጠረዡ ይታመናል። ስሕተቱ የሚገለጠው ጉዳቱ በሚከብድበት ሰዓት ነው።

ሁለት ሐሰቶች አንድ እውነት አይሆኑም

አሁን ደግሞ የመኪናው ባለቤት ከሰፊው ቱቦ ጋር ትልልቅ ኢንጀክተሮች አስገባ እንበል። የቀድሞዎቹ በደቂቃ 440 ሲሲ፣ አዲሶቹ 550 ሲሲ ይረጫሉ፤ ይኸውም 1.25 እጥፍ ነው። ለኮምፒዩተሩ ስለ ሁለቱም ለውጦች አልተነገረውም። ቅይጡ ሲሰላ 11.5 በ1.19 ተባዝቶ፣ ለ1.25 ተካፍሎ 10.9 ግድም ይሆናል። የቅይጥ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር እንግዲህ የሚያስደስት ነው። ባለቤቱም «እንኳን አልከፈልኩ፤ ራሱ ተስተካከለ» ሊል ይችላል።

ጭነቱ ግን አሁንም 2.1 ተብሎ ይነበባል፤ ብልጭታውም አሁንም ይቀድማል። ኢንጀክተሩ የቅይጡን ስሕተት ሸፈነው እንጂ ቆጠራውን አላቀናውም። ከዚህ የምንማረው አንድ ሠንጠረዥ በሌላ ሠንጠረዥ ስሕተት መጠገን እንደሌለበት ነው። የአየሩ ስሕተት በአየር ሴንሰሩ ሠንጠረዥ፣ የኢንጀክተሩም በኢንጀክተሩ ሠንጠረዥ ይታረም። የኢንጀክተሩ ሠንጠረዥ ደግሞ የፍሰቱን መጠን ብቻ አይዝም፤ ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ እስኪከፈት የሚያጠፋውን ጊዜም ይዟል። ይህ ጊዜ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ሊጠጋ ስለሚችል፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራና እያንዳንዱ ርጭት አጭር ሲሆን ስሕተቱ ጎልቶ ይታያል።

የጢስ ቱቦና የግፊት ካርታ

ቱርቦ የሚዞረው በጢስ ኃይል ነው። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ትርፉን ጢስ በጎን የሚያሳልፍ «ዌስትጌት» የሚባል በር አለ። ኮምፒዩተሩ በሩ መቼና ምን ያህል እንደሚከፈት በሠንጠረዥ ያዛል። ከቱርቦው በኋላ ያለው ጠባብ ቱቦ በሰፊ ሲተካ ጢሱ በቀላሉ ይወጣል፤ ቱርቦውም ፈጥኖ ይዞራል። በሩ ግን አሁንም የሚታዘዘው ለጠባቡ ቱቦ በተጻፈው ሠንጠረዥ ነው። ስለሆነም ግፊቱ ከታለመለት አልፎ ይወጣል። ባለሙያው ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ቆርጦ ሞተሩን ለማዳን እስኪገደድ ሳይጠብቅ፣ የበሩን ትእዛዝ መለወጥ ይኖርበታል።

ካርታን የማስማማት ቅደም ተከተል

ሥራው የሚከተለውን ሥርዐት ይጠይቃል፦

1. አስቀድሞ የአየርና የጢስ ማፍሰሻ እንደሌለ መመርመር፤ የሚያፈስ ቧንቧ በካርታ አይጠገንም።
2. የአዲሶቹን ኢንጀክተሮች ፍሰትና የመከፈቻ ጊዜ ከአምራቹ መግለጫ ማስገባት።
3. በዝግታ እየነዱ የኦክስጅን ሴንሰሩን እርማት መመዝገብና የአየር ሴንሰሩን ሠንጠረዥ እርማቱ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ማቃናት።
4. በዝቅተኛ ግፊት ጀምሮ ቅይጡን በሰፊ ክልል መለኪያ እየተከታተሉ ግፊቱን ቀስ በቀስ ማሳደግ።
5. የብልጭታውን ጊዜ በመጨረሻ፣ ኖክ ሴንሰሩን እያደመጡና አንድ አንድ ዲግሪ እየጨመሩ መወሰን፤ ይህም ተሽከርካሪው በየዕለቱ በሚቀዳው ቤንዚን ኦክቴን መጠን ይሁን።

ልብ ይሏል፤ ጉልበት የሚገኝበት ብልጭታ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቆጠራው ሳይቀና ብልጭታ መንካት በሐሰተኛ መዝገብ ላይ ንግድ እንደ መጀመር ነው።

ለአንባቢ የቀረበ መልመጃ

አንድ የቱርቦ መኪና ካርታው በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ በዱባይ፣ ተስተካክሎ ወደ አዲስ አበባ መጣ እንበል። የግፊቱ ግብ ከባዶ ጀምሮ ሲቆጠር 190 ኪሎ ፓስካል ነው። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል 101፣ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ቱርቦው አየሩን በስንት እጥፍ ይጨምቃል? የሚገባው አየር በሁለቱም ቦታ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ እንከን ከሌለው ቱርቦ ምን ያህል ሞቆ ይወጣል?

መልስ፦ በባሕር ወለል 190 ለ101 ሲካፈል 1.88፣ በአዲስ አበባ ለ76 ሲካፈል 2.5 ነው። ሙቀት በሌለበት ልውውጥ የሚጨመቅ አየር ፍጹም ሙቀት በግፊት ምጥጥኑ 0.286 ኃይል ያድጋል። ስለዚህ 293 ኬልቪን በባሕር ወለል 351፣ በአዲስ አበባ 381 ኬልቪን ይሆናል፤ ይኸውም 78 እና 108 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ነው። የእውነተኛ ቱርቦ ሙቀት ከዚህም ይበልጣል።

የጋለው ሽቦ የአየሩን ብዛት ስለሚለካ ነዳጁን በከፍታም በትክክል ይቆጥራል። ቱርቦው ግን ያንኑ ግብ ለመድረስ ፈጥኖ መዞርና አየሩን ይበልጥ ማጋል ይገደዳል። በመኪናው ላይ አንዲትም ዕቃ ሳትለወጥ፣ አገሩ ራሱ ስለ ተለወጠ ካርታው አልተስማማም። ስለዚህ ተማሪው በማናቸውም መለኪያ ፊት ሲቆም «ቁጥሩ ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ይህ ቁጥር የተቆጠረው በየትኛው ቁና ነው?» ብሎ ይጠይቅ።