ጥብቀትና ዜማ፦ የአማርኛ ዘፈን አሠራር ከይፋት ቆላ ቋንቋዎች አንጻር

ግጥም ከዜማ ጋር ሲዋሐድ ከሁለቱ አንዱ ለሌላው መጠነኛ ቦታ ይለቃል። ምን ሊለቀቅ እንደሚችል የሚወስነው የቋንቋው የድምፅ ሥርዓት ነው። ይህ ጽሑፍ በአማርኛ ዘፈን ሊለቀቅ የማይገባው የተነባቢ ጥብቀት መሆኑን ያስረዳል፤ ይኸው ጉዳይ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት በይፋት ቆላ የሚያስከትለውንም ያመለክታል።

ለንጽጽር የሆንግ ኮንግ የካንቶንኛ ዘፈን ይጠቅማል። በዚያ ዜማው ብዙውን ጊዜ ይቀድማል፤ ገጣሚው በተዘጋጀው ዜማ ላይ ቃል ይሞላበታል። ካንቶንኛ 6 የድምፅ ቃናዎች ያሉት ቋንቋ ሲሆን፣ «መግዛት» እና «መሸጥ» የሚል ፍቺ ያላቸው ሁለት ቃላት የሚለያዩት በቃና ብቻ ነው። ዜማው ሲወጣ የቃሉ ቃና ከወረደ አድማጩ ሌላ ቃል ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ገጣሚው ቃል የሚመርጠው ለትርጉሙ ብቻ ሳይሆን ለከፍታውም ጭምር ነው።

በአማርኛ የድምፅ ከፍታ የቃልን ፍቺ አይለውጥም። ዜማው በትዝታም ሆነ በባቲ፣ በአምባሰልም ሆነ በአንቺሆዬ ቅኝት ያለዚህ ገደብ ይወጣል፣ ይወርዳል። አናባቢን ማርዘምም ፍቺ አያናጋም። ፍቺ የሚለየው ጥብቀት ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» ላልቶ ጊዜን፣ ጠብቆ በዓልን ይጠራል። በ«ይመታል» ውስጥ መቺውና ተመቺው የሚለዩት በጥብቀት ነው። የግዕዝ ፊደል ግን ይህን ልዩነት አያሳይም።

የጠበቀ ተነባቢ ጊዜ ይፈልጋል፤ ይህም ጊዜ ከዜማው ምት የሚወሰድ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተነባቢዎችን መለየት ይገባል። «ል»፣ «ም»፣ «ን» ሲጠብቁ ድምፃቸው ስለማይቋረጥ በረዘመ ኖታ ላይ ሊዘፈኑ ይችላሉ። «ት»፣ «ክ»፣ «ጥ» ሲጠብቁ ግን አየሩ ስለሚዘጋ ጥብቀታቸው የሚሰማው በአጭር ዝምታ ነው። ይህ ዝምታ ከጠፋ ጥብቀቱም አብሮ ይጠፋል። በወል ቤት፣ ማለትም በ6 እና በ6 ቀለም በሚከፈል ስንኝ፣ ቀለሙ በትክክል ተቆጥሮም ጥብቀቱ ያላግባብ ቦታ ሊወድቅ ይችላል። ቀለም መቁጠር ብቻውን በቂ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚጎላው በሥራ ክፍፍሉ ነው። በዘመናዊው የአማርኛ ዘፈን ግጥም፣ ዜማና ቅንብር በተለያዩ ባለሙያዎች ሊሠሩ ይችላሉ፤ ይልማ ገብረአብ በግጥም፣ አበበ መለሰ በዜማ፣ ኤልያስ መልካ በቅንብር ስማቸው የገነነው በዚሁ አሠራር ነው። ግጥሙ ከገጣሚው ወደ ድምፃዊው በወረቀት ብቻ ከተላለፈ ጥብቀቱ ለአንባቢው ግምት ይተዋል። በስቱዲዮም ሌላ አደጋ አለ። በድምፅ ላይ የሚጨመር ረጅም የገደል ማሚቶ የጠበቀውን ተነባቢ ዝምታ ይሞላዋል፤ ድምፁን ከምት ጋር ለማስተካከል የሚደረግ መቁረጥና መቀጠልም ሊያሳጥረው ይችላል።

ይህ ለይፋት ቆላ ልዩ ትርጉም አለው። ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ በሚጎራበቱበት አካባቢ ያለች ከተማ ናት። በሰርግ ቤት አውራጁ ሲያወርድና ተቀባዩ ሲቀበል ቃሉ ከአፍ ወደ ጆሮ ስለሚተላለፍ ጥብቀቱ አብሮት ይሄዳል። አንድን ዜማ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው በጽሑፍ ማሻገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። በኦሮምኛ ከጥብቀት በተጨማሪ የአናባቢ ርዝመትም ፍቺ ይለያል፤ አናባቢዎቹ አጭር የሆኑት «ለፈ» መሬት ሲሆን፣ ረጅም የሆኑት «ላፋ» ለስላሳ ማለት ነው። በግዕዝ ፊደል «በዳ» ተብሎ የሚጻፈውም ሲላላ «መጥፎ»፣ ሲጠብቅ «ደጋ» ይሆናል። የቆላው ዘፋኝ ደጋውን ሊያወድስ ተነሥቶ በአንዲት ተነባቢ መላላት ሊነቅፈው ይችላል። ለአማርኛ ግጥም የተሠራ፣ አናባቢን እንደ ልብ የሚያረዝም ዜማ ለኦሮምኛ ግጥም ሳይስተካከል አይበቃም ማለት ነው።

ከዚህ ትንተና ሦስት የአሠራር ነጥቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ ገጣሚው ግጥሙን በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በንባብ ቀድቶ ያስረክብ፤ አሻሚ በሆኑ ቃላትም ላይ ከፊደሉ በላይ የጥብቀት ምልክት ያድርግ። ሁለተኛ፣ የዜማ ደራሲው በረጅም ኖታ ላይ የሚያርፈውን ተነባቢ ዓይነት አስቀድሞ ይመርምር። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ቅጂ ከመጽደቁ በፊት ግጥሙን አስቀድሞ ላላየ የቋንቋው ተናጋሪ ይሰማ፤ አድማጩ የሰማውን ቃል በቃል ይጻፍ። ግጥሙን የሚያውቀው ባለሙያ የጠፋውን ጥብቀት በልቡ ሞልቶ ስለሚሰማ፣ ስሕተቱን ለማግኘት ከእርሱ ይልቅ የማያውቀው ጆሮ ይታመናል። በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ የቃል ዘፈኖችን የሚሰበስብ ተመራማሪም ቅጂውን ከጽሑፉ ሳይለይ ቢያኖር፣ ፊደሉ ያልያዘውን ፍቺ ለቀጣዩ አጥኚ ያቆያል።