በገደላማ ወንዝ ስለሚጠመደው ስለ ትራውት ዓሣና ስለ ጌዴኦ ወንዞች አያያዝ

ማናቸውም ወንዝ ለማናቸውም ዓሣ ተስማሚ አይደለም። በባሌ ተራራ ወንዞች ትራውት የሚባል ዓሣ እንደሚገኝ ከታወቀ ወዲህ፥ በብርዱም በገደሉም የሚመሳሰሉት የጌዴኦ ደጋ ወንዞች፥ ይልቁንም ከቡሌ በኩል የሚወርዱት፥ ይህ ዓሣ ቢጨመርባቸው ለእንግዳ መስሕብ ለባላገሩም ምግብ ይሆናል የሚል አሳብ ሊነሣ ይችላል። አሳቡ በጎ ነው። ነገር ግን ዓሣው ምን እንደሚፈልግ፥ የጌዴኦም ወንዝ ምን ሊሰጠው እንደሚችል ሳይመረመር የሚጀመር ሥራ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ የወረዳ ገዢዎችና ባለይዞታዎች ስለዚህ ዓሣ ጠባይ ጥቂት እንዲረዱ ያስፈልጋል።

የቀስተ ደመና ትራውት ጥንተ አገሩ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ ያሉት የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ወንዞችና የሩስያው የካምቻትካ ወንዞች ናቸው። የዚሁ ዘር አንዱ ወገን ዕድሜውን ሁሉ በተወለደበት ወንዝ ይኖራል፤ ሌላው ወገን ግን ወደ ባሕር ወርዶ ካደገ በኋላ ለመውለድ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ይህን ተመላሹን አሜሪካውያን ስቲልሄድ ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ብረት ራስ» ማለት ነው። ሴቲቱ ንጹሕ ጠጠር ባለበት ስፍራ በጅራትዋ እየቆፈረች ጐድጓድ ታበጃለች፤ እንቍላሏንም ጥላ ወንዱ ዘሩን ካፈሰሰበት በኋላ በጠጠር ትሸፍነዋለች። በጠጠሩ መካከል ውሃ እየተላለፈ እንቍላሉን ካላናፈሰው ይሞታል። የውሃው ሙቀት 10 ዲግሪ በሆነ ጊዜ እንቍላሉ በ1 ወር ገደማ ይፈለፈላል። ግልገሉ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዓመት ያህል በወንዙ ይቆያል፤ ከዚያም ወደ ባሕር ወርዶ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያህል ሲበላና ሲወፍር ከርሞ ይመለሳል። ሳልሞን ከተባሉት የፓሲፊክ ዓሦች አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ወልደው ሲሞቱ፥ ስቲልሄድ ግን ተርፎ ዳግመኛ ወደ ባሕር ሊመለስ ይችላል። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው፤ ከ10 ኪሎ የሚበልጥም አልፎ አልፎ ይገኛል።

አጠማመዱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ዓሣው ከባሕር ሲመለስ እምብዛም ስለማይበላ በራብ አይታለልም። ወንዞቹም ብዙ ጊዜ ከመንገድ የራቁ፥ ገደል ለገደል የሚሄዱና ድንጋያቸው የሚያዳልጥ ስለሆኑ አጥማጁ በእግሩ ረዥም መንገድ ተጕዞ፥ በትሩን ተደግፎ፥ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ይገባል። በእጁ ረዥም ዘንግና ክር ይይዛል፤ በክሩ ጫፍ ላባና ጠጕር ተጠቅልሎበት ዝንብ የሚመስል መንጠቆ አለ። ዓሣው የሚያርፍበትን ስፍራ ማወቅ ዋናው ብልሃት ነው፤ ይኸውም ከትልቅ ድንጋይ በስተኋላ፥ ወይም ጥልቁ ውሃ ወደ ፈጣኑ ከመውረዱ በፊት ባለው ጫፍ፥ የውሃው ፍጥነት እንደ ሰው እርምጃ በሆነበት ነው። አጥማጁ ክሩን ወደ ማዶ፥ ጥቂትም ወደ ታች አዘንብሎ ይወረውረዋል፤ ውሃው መንጠቆውን እንደ ቀስት እያጐበጠ ወደ ወዲህኛው ዳር ያመጣዋል። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ይወረውራል። እንዲህ ሲያደርግ ውሎ ባዶ እጁን የሚገባበት ቀን ዓሣ ከሚይዝበት ቀን ይበዛል። ከዝናብ በኋላ ደፍርሶ የነበረው ውሃ መጥራት የጀመረበት ሰዓት ከሁሉ የተመረጠ ነው። የያዘው ዓሣ የዱር ዘር ከሆነም በብዙ ወንዞች ከውሃው ሳያወጣ መንጠቆውን ነቅሎ ይለቀዋል፤ ይህንም ለማቅለል ቀንድ የሌለው መንጠቆ ይጠቀማል።

ዓሣው እንዲለቀቅ የታዘዘበት ምክንያት ለኛም አገር ትምህርት ነው። ወንዞቹ በግድብ በመዘጋታቸው፥ የዳር ዛፋቸው ተቈርጦ ውሃው በመሞቁ፥ አፈሩም ተንዶ ጠጠሩን በመድፈኑ፥ የስቲልሄድ ቍጥር እጅግ ስለ ቀነሰ፥ የአሜሪካ መንግሥት ከ1997 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ጀምሮ ብዙዎቹን ወገኖች በሕግ ከሚጠበቁት እንስሳት መዝገብ አግብቷቸዋል።

ወደ ኢትዮጵያ ትራውት የመጣው ከኬንያ ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1960ዎቹ ነው። የቀስተ ደመናውና ቡናማው ትራውት በባሌ ደጋ፥ በዲንሾ አካባቢ ባሉት በወይብና በዳንካ፥ እንዲሁም በሻያና በተጎና ወንዞች ተለቀቁ። ስፍራው ከባሕር ወለል 3 ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። የባሌው ትራውት ግን ስቲልሄድ ሊሆን አይችልም። ወይብ ከሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ቈላ ይወርዳል፤ ከዚያም በገናሌ በኩል ከጁባ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ ይሄዳል። በካርታ ሲታይ የባሕር መንገድ ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን የቈላው ውሃ ሙቀት ለዚህ ዓሣ እንደ ግንብ አጥር ነው። ስለዚህ በደጋው ተወስኖ ይኖራል፤ መጠኑም ባሕር ወርዶ እንደሚመለሰው ወገኑ አይደለም።

ትራውት የሚስማማው ሙቀት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ነው። ከ20 በላይ ሲሆን ይጨነቃል፤ ወደ 25 ሲደርስ ይሞታል። ምክንያቱም ውሃ በሞቀ ቍጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ስለሚያንስ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 10 ዲግሪ የሆነ 1 ሊትር ውሃ 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክሲጅን ሲይዝ፥ 25 ዲግሪ የሆነው 8 ሚሊግራም ብቻ ይይዛል። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚህ ላይ ሲሶ ገደማ ይጐድላል።

አሁን ወደ ጌዴኦ እንመለስ ቢባል፥ ከቡሌ እስከ ዲላ ያለው ርቀት ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ አገሩ ከደጋ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ወንዙ ብርዱን ይዞ የሚቈየው በላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ወደ ቡናው አገር ይገባና በምዕራብ ወዳለው ወደ አባያ ሐይቅ ተፋሰስ ይወርዳል። በቡናው አገር የሚጠብቀው ነገር ከሙቀቱ ይልቅ የከፋ ነው። የይርጋ ጨፌ ቡና ዝነኛ የሆነው በታጠበው ቡና ነው፤ ማጠቢያዎቹም ውሃ ስለሚፈልጉ በወንዝ ዳር ይተከላሉ። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ያስፈልጋል፤ የቀረው ገለፈቱና ልጋጉ ነው። ልጋጉ ስኳር አለበት፤ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረቶች እርሱን እየበሉ ይበዛሉ፤ ሲበዙም በውሃው ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ። ውሃው ይጠቍራል፥ ይሸታል፤ ከማጠቢያው በታች የሚኖር ሰውም ከብቱን ለማጠጣት ይቸገራል። ክፋቱ ደግሞ እሸቱ የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ፥ ዝናቡ አቁሞ ወንዙ እየጐደለ በሚሄድበት ወራት መሆኑ ነው። ዓሣ ለማርባት የሚያስብ ሹም ይህን ሳያስተካክል ግልገል ቢያስመጣ ገንዘቡን ወንዝ ውስጥ እንደ መወርወር ነው።

መድኀኒቱም የታወቀ ነው። ከማጠቢያው የሚወጣው ውሃ ከወንዝ ርቆ በተቈፈረ ጕድጓድ እንዲጠራቀም፥ የቬቲቨር ሣርም በተተከለበት መሬት ላይ እንዲያልፍ፥ ገለፈቱ በስብሶ ለቡናና ለእንሰት ማዳበሪያ እንዲሆን ማድረግ ነው።

ሌላው ነገር የብርብራ ነው። ብርብራ ለቡና ጥላ የሚሆን መልካም ዛፍ ስለሆነ በጌዴኦ ገበሬ ማሳ ከዋንዛና ከኮርች ጋር ተጠብቆ ይኖራል። ፍሬው ግን ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ዓሣን ያሰክራል፤ በብዙ የኢትዮጵያ ወንዞችም ሲሠራበት የኖረ ነው። መርዙ ትልቁን ከትንሹ፥ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። ዛፉን መጠበቅ፥ ፍሬውን በወንዝ መበተን ግን መከልከል ይገባል።

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ትራውትን በጌዴኦ ወንዞች መልቀቅ የሚመከር አይደለም። የቀስተ ደመናውም ቡናማውም ትራውት በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ100ዎቹ የከፉ መጤ ዘሮች መካከል ተቈጥረዋል፤ በገቡበት ወንዝ የአገሩን ትንንሽ ዓሦችና እንቍራሪቶች ይበላሉና። አንድ ጊዜ ከተለቀቁም ከገደላማ ወንዝ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ጉባኤ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በመስከረም 2023፥ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ባሌ ትራውቱን አስቀድሞ የተቀበለ ነው፥ ጌዴኦ ግን አልተቀበለምና ይህን ንጽሕናውን ቢጠብቅ ይሻለዋል። በመንጠቆ ማጥመድ የሚወድ እንግዳ ወደ ባሌ ሊሄድ ይችላል። ለምግብ የሚሆን ዓሣ የፈለገ ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ፥ ናይል ፐርችም በአባያ ሐይቅ ይገኛሉ። ማናቸውንም እንግዳ ዓሣ ወደ ውሃ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ቢኖር፥ ሹሙ በ1995 ዓመተ ምሕረት የወጣውን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 እንዲመለከትና የክልሉን የግብርና ቢሮ እንዲጠይቅ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ግን ወጪ የሌለው ሥራ አለ። ከጥቅምት እስከ ጥር በየሳምንቱ አንድ ቀን፥ በተመሳሳይ ሰዓት፥ ከቡና ማጠቢያው በላይና በታች የወንዙ ውሃ ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካ፤ መልኩና ሽታው፥ ከድንጋይ ሥር የሚገኙትም ትንንሽ ነፍሳት መኖር አለመኖራቸው በመዝገብ ይጻፍ። ከላይ ነፍሳቱ በዝተው ከታች ከጠፉ፥ የማጠቢያው ባለቤት ተጠርቶ መዝገቡ ይነበብለት።