የቤተሰብ መታሰቢያ ሰሌዳ አሠራርና የመግለጫ አጻጻፍ

በብዙ ቤቶች አሮጌ ፎቶግራፎች የሚቀመጡት በሣጥን ወይም በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት ለለቅሶው ድንኳን የሚሆን ፎቶግራፍ ፍለጋ ያ ቆርቆሮ ይከፈታል፤ ሌሎቹም ፎቶግራፎች በዚያው ቀን ይታያሉ። «ይህ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን የሚያውቁት አንድ ወይም ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ይሆናሉ። አንዳንዴም መልሱን ያውቁ የነበሩት ያው የሚለቀስላቸው ሰው ናቸው።

በዚህ ትምህርት ፎቶግራፎችንና ማስታወሻዎችን በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዴት እንደምታሰናዱ፣ በየግርጌያቸውም የሚጻፈውን አጭር መግለጫ እንዴት እንደምታዘጋጁ ትማራላችሁ። ሰሌዳውን አናጢ ሊሠራላችሁ ይችላል፤ መግለጫውን ግን ከቤተሰቡ በቀር የሚጽፈው የለም።

ለሰሌዳው ኮምፔርሳቶ ወይም ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። በነጭ አቡጀዲ ሸፍኑት። ፎቶግራፉን በሙጫ ወይም በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ እድፍ ያወጣል፣ ሲላቀቅም ሥዕሉን ይዞት ይመጣል። ከወረቀት ትንንሽ ኪሶች አጥፋችሁ አራቱን ማዕዘኖች ብቻ አስገቡ። መስታወት የምታደርጉበት ከሆነ በዳርና ዳር ቀጭን የካርቶን ዘንግ ጣሉ፤ መስታወቱ ፎቶግራፉን ከነካው በክረምት እርጥበት ይጣበቃል። ቤተሰቡ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ግልባጩን አንሥታችሁ እሱን ስቀሉ፤ ዋናው በወረቀት ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳና የምድጃ ጢስ የሚደርስበት ክፍል ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ከፎቶግራፎቹ ጎን የእጅ ሰዓት፣ ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ ከነፖስታው፣ ከአሮጌ ቀሚስ የተረፈ የጥበብ ቁራጭ፣ የምስክር ወረቀት ሊገባ ይችላል። ከባዱን ዕቃ በክር ከአቡጀዲው ጋር ስፉት። የፕላስቲክ አበባ ባይጨመርበት እመርጣለሁ፤ ዓይን ወደ ሰዎቹ ፊት እንዳይሄድ ያደርጋል።

አሁን ወደ መግለጫው እንለፍ። አንድ ተማሪ «አያቴ በወጣትነታቸው» ብሎ ቢጽፍ ዓረፍተ ነገሩ ዛሬ ለቤተሰቡ ግልጽ ነው። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን «የማን አያት?» ያሰኛል፤ ምክንያቱም «-ዬ» እና «-ኤ» የተባሉት የአገናዛቢ ምዕላዶች የሚያመለክቱት ጸሐፊውን ነው፣ ጸሐፊውም ሁልጊዜ ከሰሌዳው አጠገብ አይቆምም። ስለዚህ ሙሉ ስም ከነአባት ስም ይጻፍ፤ ዝምድናው ከስሙ በኋላ ይምጣ፦ «ወይዘሮ እገሊት እገሌ፣ የአቶ እገሌ ታላቅ እኅት፣ ደሴ፣ 1965 ዓ.ም.»።

የተደራጊ ግሥም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ይህ ሰዓት በሠርጉ ቀን ተሰጠ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ሰጪውንም ተቀባዩንም ሰውሯል። «ይህን ሰዓት አቶ እገሌ ለእኅታቸው ልጅ በሠርጉ ቀን ሰጡት» ስንል ግን ባለቤቱ ታወቀ፤ በግሡ መጨረሻ ያለችው «ት» ደግሞ ተቀባዩን አመለከተች። በአንዲት ፊደል ሁለት ሰዎች ተገናኙ።

ብዙ ሰዎች አብረው የተነሡበትን ፎቶግራፍ «ከተመልካቹ ግራ ወደ ቀኝ» ብላችሁ ጀምሩ። «ከግራ» ብቻ ማለት አንባቢውን ያወናብዳል።

ዘመንን በተመለከተ በፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተም ላይ ያለውን ቁጥር ሳትመረምሩ አትገልብጡ። 1973 የሚለው ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ ከአብዮቱ በፊት ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ አውሮፓውያን ዓመት ማለቂያ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ስምንት ዓመት መሆኑን አስታውሱ። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጨመር ዓመት አይጻፍ።

ያላረጋገጣችሁትን እንዳረጋገጣችሁ አድርጋችሁ አትጻፉ። አማርኛ ለዚህ የሚሆን አነጋገር አለው፦ «በስተቀኝ የቆሙት የጎረቤት ልጅ ሳይሆኑ አይቀሩም»፤ «እንደ አክስታችን አነጋገር ሥፍራው ድሬዳዋ ነው»። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው፣ በግድግዳው ላይ በተደረደሩት ፎቶግራፎች ፊት ቆሞ በቅድሚያ የሚፈልገው ስም እንደሆነ ያውቃል። ያልሆነ ስም መስጠት ስም ከማጣት የከፋ ነው።

መልመጃ

1. ከሚከተሉት መግለጫዎች የጎደለውን ነገር ተናገሩ፤ አስተካክላችሁም ጻፉ።
ሀ. «አባቴና ጓደኞቹ በድሮ ጊዜ»።
ለ. «ይህ ደብዳቤ ከውጭ አገር የተላከ ነው»።
ሐ. «ከግራ ሁለተኛው አጎታችን፣ 1968»።

2. በቤታችሁ ካሉት ፎቶግራፎች ስሙ ያልተጻፈበትን አንዱን ምረጡ። በዕድሜ ለገፉት ዘመዳችሁ አሳይታችሁ የሚነግሯችሁን በራሳቸው ቃል መዝግቡ። ከዚያም ከሦስት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ መግለጫ አዘጋጁ፤ ከመስቀላችሁ በፊትም ለእሳቸው አንብቡላቸው።