ልኩ የጠፋ ቫይታሚን



የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ የ6 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉኝ። አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት ሰው በመጣ ቁጥር እንደ ከረሜላ የሚታኘክ የልጆች ቫይታሚን ትልክልናለች። ለገና ሰበታ ያሉትን አማቴን ይዘን፣ ቡራዩ በሚኖረው የባለቤቴ ወንድም መኪና ድሬዳዋ ወረድን። ልጆቹ እንዳይነኩት ብዬ ብልቃጡን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት። አዋሽ ሰባት ምሳ በልተን ስንመለስ ቫይታሚኑ ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል። ሲረጋ በቢላ እየቆረጥኩ ሰጠኋቸው። አማቴ «ይሄ ከረሜላ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ከምን እንደተሠራስ ማን ያውቃል?» ብለው ተቆጡ። ልጆቼን ጎድቻቸው ይሆን? ለባለቤቴ እህት መናገር አፍሬ «አለቀ» ስላልኳት ሌላ ሁለት ብልቃጥ ልካለች። ለፋሲካ ደግሞ ልንወርድ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሱሉልታ

እህቴ፣

መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ቫይታሚን ስለቀለጠ መርዝ አይሆንም። ልጆችሽ እስካሁን ደህና ከሆኑ ያ ነገር አልፏል። የጠፋው ልኩ ነው። በአንዲት ፍሬ የተመጠነውን በቢላ ስትቆርጪው ለአንዱ ይበዛል፣ ለሌላው ያንሳል። እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉትን ደግሞ ሙቀት ያደክማቸዋል። ስለዚህ እንዲህ የተጣበቀ ቢያሳሳም ይጣላል።

የቀለጠው በአንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ቫይታሚን የሚረጋው በጄላቲን ነው፤ እሱም 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይላላል። ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆኑ እቤት ሳለ ምንም አይሆንም። አዋሽ ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ግን ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ዳሽቦርዱማ ምጣድ ነው።

አማትሽ «ከምን ተሠራ?» ማለታቸው ተገቢ ነው። ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ቆዳና አጥንት ይሠራል፤ አሳማ ደግሞ በብዙ ክርስቲያንም ሙስሊምም ቤት አይገባም። ከፖምና ከብርቱካን ልጣጭ በሚወጣው በፔክቲን የሚሠራ ዓይነት አለ። የእሳቸውን ሥጋት ያስቀራል፣ ሙቀትንም ከጄላቲን ይበልጥ ይቋቋማል።

«ከረሜላ ነው» ያሉት ግን ልጆቹ ፊት መደገም የለበትም። ከረሜላ መስሎት ወንበር ላይ ወጥቶ ብልቃጡን የሚያወርድ ልጅ ጥቂት አይደለም። ስትሰጪያቸው «መድኃኒት» በያቸው፤ ብልቃጡም ይቆለፍበት። የብልቃጡን ጽሑፍ አንብቢ፤ ልጅ አይረን ያለበትን ብዙ ፍሬ ቢውጥ ምልክት ሳትጠብቂ ወደ ጤና ተቋም ሩጪ። ቫይታሚን ኤ ካለበትም አስቢበት፤ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በየ6 ወሩ ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን ኤ እንክብል ይሰጣል። ትንሹን ስታስወስጂ ቤት ውስጥ የሚወስደውን ለጤና ባለሙያዋ ንገሪያት።

ለፋሲካው ብልቃጡን ሱሉልታ ተዪው። ሐኪም የግድ ብሎ ካላዘዘው በቀር አንድ ሳምንት ቢያልፋቸው አይጎዱም። ድሬዳዋ ማንጎና ፓፓያ አለ፤ ዘይቱን ካገኘሽማ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲጫወቱ ቫይታሚን ዲውን ሰውነታቸው ራሱ ይሠራዋል። የግድ የሚወሰድ ከሆነ ከራሱ ብልቃጥ አታውጪው። በፎጣ ጠቅልለሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው፤ ዳሽቦርድ ላይም የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥም አይቀመጥ። ለምሳ ስትወርዱ ይዘሽው ውረጂ። በረዶ ላይም አታስቀምጪው፤ እርጥበት ያጣብቀዋል።

የቀረው «አለቀ» ያልሽው ነው። የባለቤትሽ እህት ልጆቹ ቶሎ ቶሎ የሚጨርሱት መስሏት ነው ሁለት የላከችው፤ ልኩ እዚህም ላይ ጠፍቷል። እሑድ አማትሽ ባሉበት ደውዪላትና «አዋሽ ላይ ቀለጠብኝ፣ አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ» በያት። ከዚያ ስልኩን ለአማትሽ ስጫቸው። የአሳማውን ነገር እናቷ ራሳቸው ይጠይቋት።